ክፉ ቀን

ክፉ ቀን በአማርኛ ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው የዕለት ተዕለት ትርጉሙ ነው፤ ረሀብ፣ ጦርነት፣ በሽታ፣ ሞት ወይም ሌላ መከራ የሚመጣበት ማንኛውም ጊዜ ክፉ ቀን ይባላል። ሁለተኛው የተጸውዖ ስም ነው፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ (እ.ኤ.አ. 1888–1892) አብዛኛውን የኢትዮጵያ ክፍል የመታው ታላቅ ረሀብ በዚህ ስም ይታወቃል። በእንግሊዝኛ የታሪክ መጻሕፍት ስሙ አንዳንዴ ሳይተረጎም ይጻፋል፣ አንዳንዴም ቃል በቃል «ኢቭል ዴይስ» ተብሎ ይተረጎማል። እንግሊዝኛ ከዚሁ «ክፉ ቀን» ከሚለው ሐሳብ የተወለደ የራሱ ቃልም አለው፤ እርሱም «ዲዝማል» የሚለው ነው። ሁለቱ ቃላት ከአንድ ሐሳብ ቢነሡም ዛሬ የደረሱበት ትርጉም በጣም ይራራቃል።

የቃሉ ትርጉም

«ክፉ» ከግዕዙ «ከፍአ» ከሚለው ግስ ጋር አንድ ሥር ያለው ቅጽል ነው። ከፋ፣ ክፋት፣ መክፋት የሚሉት ቃላትም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። በግዕዝ መጽሐፍ ቅዱስ ግን ለክፉ ቀን የሚያገለግለው ሐረግ «ዕለት እኪት» ነው። ይህ ሐረግ በመዝሙረ ዳዊት 40ኛው ምዕራፍ (በሌላው አቆጣጠር 41ኛው) መጀመሪያ ላይ ስለ ድሃ የሚያስብ ሰው በመከራ ጊዜ እንደሚድን በሚናገረው ቦታ ይገኛል። ዳዊት የንባብ ትምህርት መማሪያ ስለነበር ሐረጉን የፊደል ተማሪ ሁሉ ገና በልጅነቱ ያውቀው ነበር ማለት ይቻላል።

በዚህ ሐረግ ውስጥ «ቀን» የ24 ሰዓት ዕለት ማለት አይደለም። በአማርኛ ቀን ዕድልም ነው፣ ዘመንም ነው። «ቀን የጣለው»፣ «ቀን ወጣለት»፣ «ቀን ጎደለበት» ሲባል ስለ ሰው የኑሮ ሁኔታ እንጂ ስለ አንድ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ አይወራም። ስለዚህ አምስት ዓመት የቆየ ረሀብ «ቀን» ተብሎ በነጠላ ቁጥር መጠራቱ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይሆንበትም። ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም ብዙ ጊዜ «ቀናት» ተብሎ በብዙ ቁጥር መጻፉ ከዚህ የመጣ ልዩነት ነው።

በንግግር ውስጥ «የክፉ ቀን ወዳጅ» የሚባለው በችግር ጊዜ የማይሸሽ ሰው ነው። «ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት» ሲባል ደግሞ ለድንገተኛ ችግር የተቆጠበ ገንዘብ ወይም እህል ማለት ነው። «ክፉ ቀን አያምጣ» ምርቃትም ጸሎትም ነው።

የከብቱ እልቂት

ሐረጉ የተጸውዖ ስም የሆነው በሬ ስላለቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 መጨረሻ ገደማ ከዚያ በፊት በአገሩ ያልታወቀ የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል ገባ። በጊዜው ወደቡ በጣሊያን ጦር እጅ ነበር። በሽታው ለጦሩ ቀለብ ከሕንድ በመርከብ ከመጡ ከብቶች ጋር እንደገባ በብዛት ይነገራል። በሽታው በጀርመንኛ ስሙ «ሪንደርፔስት» ይባላል፤ ትርጉሙ «የከብት መቅሠፍት» ነው። በአማርኛ የእንስሳት ሕክምና መጻሕፍትም ሆነ በገበሬው ዘንድ የከብት ደስታ በሽታ በመባል ይታወቃል። ስሙ ከጠባዩ ጋር ጨርሶ አይገጥምም። በትግርኛ «ጉልሃይ» ተብሏል።

በሽታ አምጪው ቫይረስ የሰው ኩፍኝ ቫይረስ የቅርብ ዘመድ ነው። የታመመው ከብት ያተኩሰዋል፣ አፉ ይቆስላል፣ ከዓይኑና ከአፍንጫው ፈሳሽ ይወርዳል፣ ከዚያም ተቅማጥ ይይዘዋል። ለበሽታው አዲስ በሆነ መንጋ ውስጥ አብዛኛው ከብት በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሞታል። በኢትዮጵያ ከነበሩት ከብቶች እስከ 90 በመቶ የሚደርሱት እንዳለቁ ብዙ ጊዜ ይጻፋል። በዚያን ጊዜ የከብት ቆጠራ ስላልነበረ ይህ ግምት እንጂ የተለካ አኃዝ አይደለም። በሽታው ከሐማሴንና ከትግራይ ተነሥቶ ወደ ጎንደር፣ ጎጃምና ሸዋ ወረደ፤ ከዚያም አልፎ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ እስከ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ።

የበሬ ሞት እንዴት የሰው ሞት እንደሆነ ለመረዳት የደጋውን እርሻ ማሰብ ይበቃል። ማረሻውን የሚጎትተው አንድ ጥማድ በሬ ነው። በሬ ከሌለ መሬቱ አይገለበጥም፣ ዘሩ በጎተራ ውስጥ ይቀራል፣ የተራበ ቤተሰብም ዘሩን ይበላዋል። ስለዚህ ዝናብ በሚቀጥለው ዓመት ቢመለስ እንኳ የሚያርስ በሬም የሚዘራ እህልም የለም። በ1881 ዓ.ም. አዝመራ ላይ ደግሞ ድርቅ፣ አንበጣ፣ ተምችና አይጥ ተጨመሩበት። ከብቱም ሲያልቅ ወተቱ፣ ቅቤው፣ ቆዳውና ለማገዶ የሚሆነው ኩበት አብረው ጠፉ።

ጎጃምና አገው ምድር

በምዕራቡ አገር ረሀቡ ጦርነት ካለፈበት መሬት ላይ ነው የደረሰው። በጥር 1880 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከሱዳን በመጣው የመሐዲስቶች (ደርቡሽ) ጦር ሳር ውኃ ላይ ተሸነፉ፤ ድል አድራጊው ጦርም ጎንደርን ገብቶ አቃጠለ። በዚያው ዓመት ክረምት ማለፊያ ላይ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ላይ ተባበሩ። ንጉሠ ነገሥቱም በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ ዓባይን ይዘው ጎጃምን በጦር ቀጡ። የዘመኑ ጦር ስንቁን የሚያገኘው ካለፈበት አገር ነበር። ወታደሩ ገበሬው ቤት ይሰፍራል፣ ጎተራ ይከፍታል፣ ከብት ያርዳል። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ሲወድቁ ጎጃም በአንድ ዓመት ከጥቂት ጊዜ ውስጥ ሽንፈትን፣ የራሱን ንጉሠ ነገሥት ጦርና የከብት እልቂትን አይቶ ነበር።

አገው ምድር የሚባለው አገር፣ ማለትም ዛሬ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ከሆነው ከእንጅባራ፣ ከዳንግላና ከአንከሻ ጓጉሳው ግምጃ ቤት ዙሪያ ያለው ምድር፣ በዚያን ጊዜ በጎጃም ግዛት ሥር ነበር። ረሀቡ በጎጃም ላይ ስላደረሰው ጉዳት በአጠቃላይ ብዙ ተጽፏል። ስለዚህ አካባቢ ለብቻው የተጻፈው ግን ከሸዋና ከትግራይ ጋር ሲነጻጸር በጣም አነስተኛ ነው። ዜና መዋዕል ጸሐፊው የሚጽፈው ንጉሡ ባለበት ሰፈር፣ አውሮፓዊው ተጓዥም የሚጽፈው በሄደበት መንገድ ነበርና ከሁለቱም የራቀ መንደር በጽሑፍ አልገባም።

በዚህ አገር ስለ እርሻ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የከብት ደስታ በሽታ የሚይዘው ሰኮናው የተሰነጠቀውን እንስሳ ነው፤ ከብትና ጎሽ የመሰሉትን ይገድላል፣ ፈረስን ግን አይነካም። የአዊ ደጋ በፈረስ የታወቀ ሲሆን ዛሬ በአንዳንድ ወረዳዎቹ በፈረስ ይታረሳል። በቀረው የኢትዮጵያ ደጋ ግን እርሻ ማለት በሬ ማለት ስለነበረ በሬ የሞተበት ገበሬ የሚጠምደው ሌላ እንስሳ አልነበረውም።

የተጻፈውና የተነገረው

ስለ ዘመኑ የሚናገሩት ምንጮች ዜና መዋዕሎች፣ የሚሲዮናውያንና የተጓዦች ደብዳቤዎች፣ እንዲሁም በቃል የተላለፈ ትዝታ ናቸው። ከኋለኛው ወገን የታወቀው የአለቃ ለማ ኃይሉ ትዝታ ነው፤ ልጃቸው ደራሲው መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው አንደበት ቀድተው «መጽሐፈ ትዝታ» በሚል አሳትመውታል። ከተመራማሪዎች ደግሞ ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ረሀቡ ያወጡት ጥናት ምንጮቹን አንድ ላይ የሰበሰበ በመሆኑ እስካሁን ይጠቀሳል።

ምንጮቹ የሚነግሩት ነገር ለማንበብ ይከብዳል። ሰው መንደሩን ጥሎ ወደ ከተማና ወደ ጦር ሰፈር ጎረፈ፤ ብዙው በመንገድ ቀረ። ሬሳ የሚቀብር ጉልበት ጠፋ። ጅብ፣ ነብርና አንበሳ ከዱር ወጥተው በጠራራ ፀሐይ ሰው መብላት ጀመሩ። ወላጆች ልጆቻቸውን፣ አንዳንዱም ራሱን፣ ለሚያበላው ሸጠ። ሰው የሰው ሥጋ እንደበላም በበርካታ ምንጮች ተጽፏል። የተራበው ሕዝብ በተጨናነቀባቸው ቦታዎች ፈንጣጣ፣ ኮሌራና ሌሎች ወረርሽኞች ተከተሉ። የእህል ዋጋም ጠገራ ብር ያለው ሰው እንኳ እህል እስኪያጣ ድረስ ናረ።

አፄ ምኒልክ (ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮ ዘውድ የጫኑት) የቤተ መንግሥቱን እህል አከፋፈሉ። በሬ የሌለው ገበሬ በእጁ ቆፍሮ እንዲዘራ ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው በዜና መዋዕላቸው ተጽፏል። ታሪኩ ለንጉሡ ውዳሴ የተጻፈ መሆኑ እሙን ነው። ቢሆንም በማረሻ አገር ንጉሠ ነገሥት ዶማ ማንሣቱ የችግሩን መጠን ከማንኛውም አኃዝ በላይ ያሳያል።

የሞተው ሕዝብ ብዛት አይታወቅም። በብዙ መጻሕፍት «ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ» የሚለው ተደጋግሞ ይገኛል። ሕዝቡ ተቆጥሮ ስለማያውቅ ሲሶው ስንት እንደሆነ ማስላት አይቻልም። ጉዳቱም ከቦታ ቦታ ይለያይ ነበር፤ እንሰት የሚበላው የደቡብ አገር በሬ ከሚጠመድበት ከሰሜኑ በተሻለ ሁኔታ ተቋቁሞታል።

ስለ ዓመተ ምሕረቱ

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት ቦታ ስለሆነ ማንሣቱ ይጠቅማል። የውጭ መጻሕፍት «የ1888 ረሀብ» ሲሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በኢትዮጵያ 1880 እና 1881 ዓ.ም. ማለት ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1888 ዓ.ም. ደግሞ የዐድዋ ድል ዓመት ነው። በኢንተርኔት «1888 ኢትዮጵያ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም ተቀላቅለው ያገኛቸዋል፤ ረሀቡንና ዐድዋን በአንድ ዓመት ያደረጉ ጽሑፎችም አልጠፉም። በመካከላቸው ያለው ርቀት፣ ረሀቡ ካበቃበት ሲቆጠር፣ አራት ዓመት ያህል ብቻ ነው። የውጫሌ ውል የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ በረሀቡ መካከል ነው። ጣሊያን ከባሕሩ ዳር ተነሥታ ወደ ሐማሴን ደጋ ስትወጣ ብዙ መከላከል ያልገጠማት የሰሜኑ ሕዝብ ተርቦና ተበታትኖ ስለነበረ ጭምር ነው።

ረሀቡ በአስተዳደርም ላይ አሻራውን ትቷል። ወታደር በገበሬ ቤት እየሰፈረ መዝረፉን ለማስቀረት እ.ኤ.አ. በ1892 ምኒልክ ከአዝመራ አሥራት እንዲሰበሰብ አደረጉ። ጦሩ ከገበሬው ቤት ሳይሆን ከመንግሥት ጎተራ እንዲበላ ነበር የታሰበው። ከሰሜን የተሰደደው ወታደርና ገበሬም ወደ ደቡብ በሚደረገው መስፋፋት ተካፋይ ሆነ።

በእንግሊዝኛ፦ ዲዝማል

«ዲዝማል» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣው በላቲን «ዲየስ ማሊ» ከሚለው ሐረግ ሲሆን ትርጉሙ «ክፉ ቀኖች» ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የቀን መቁጠሪያ በየወሩ ሁለት ሁለት፣ በዓመት 24 ቀኖች እድለ ቢስ ተብለው ይመዘገቡ ነበር። በእነዚህ ቀኖች መንገድ መጀመር፣ መነገድ ወይም ለሕክምና ደም ማስወጣት አይመከርም ነበር። ቀኖቹ «የግብፅ ቀኖች» የሚል ስምም ነበራቸው። ላቲኑ በእንግሊዝ ገዥዎች ፈረንሳይኛ ተሸርሽሮ «ዲስ ማል» ሆነ፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ውስጥ ገባ።

ከዚያ በኋላ ሰዎች ቃሉ ምን ማለት እንደነበረ ረሱ። ባለቅኔው ጄፍሪ ቾሰር በዚያው ክፍለ ዘመን ቃሉን ከግብፅ አሥር መቅሠፍቶች ጋር አያይዞታል። በአሮጌው ፈረንሳይኛ «ዲስ» አሥር ማለትም ስለነበረ «አሥር ክፉ» መስሎት ይሆናል። ሌሎች ደግሞ «ዲዝማል ቀኖች» ማለት ጀመሩ፤ «ክፉ ቀን ቀኖች» እንደ ማለት ነው። ቃሉም ስም መሆኑ ቀርቶ ቅጽል ሆነ። መጀመሪያ «እድለ ቢስ»፣ ቀጥሎ «አስፈሪ»፣ ኋላም «የጨፈገገ፣ የሚያስከፋ» የሚል ትርጉም ያዘ። በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ረግረግ ጨለማ ጫካም በዚሁ ቃል ተጠርቷል። በቨርጂኒያና በሰሜን ካሮላይና ድንበር ላይ ያለው «ታላቁ ዲዝማል ረግረግ» ከባርነት ያመለጡ ጥቁሮች ለብዙ ዘመን የተሸሸጉበት ቦታ ነው።

ቶማስ ካርላይል እ.ኤ.አ. በ1849 የኢኮኖሚክስን ትምህርት «ዲዝማል ሳይንስ» ብሎ ሰየመው። ይህን ያለው ቶማስ ማልተስ ስለ ረሀብና ስለ ሕዝብ ብዛት በጻፈው ምክንያት ነው የሚለው የተለመደ ስሕተት ነው። ካርላይል ስሙን ያወጣው በካሪቢያን ደሴቶች ነፃ የወጡ ጥቁሮች ተገደው እንዲሠሩ በተከራከረበት ጽሑፍ ውስጥ ነው፤ የነቀፋቸው ኢኮኖሚስቶች ሥራ በነፃ ስምምነት ይሁን የሚሉት ነበሩ።

ዛሬ በእንግሊዝኛ ዲዝማል የሚባለው ዝናባማ ሰማይ፣ ዝቅተኛ የፈተና ውጤት ወይም 4 ለ 0 የተሸነፈ ቡድን ነው። ስለዚህ መዝገበ ቃላቱ አንድ ሥር ቢሰጣቸውም «ክፉ ቀን»ን «ዲዝማል» ብሎ መተርጎም ረሀብን እንደ ደመናማ ከሰዓት ማቅለል ይሆናል።

ስሙ በኋለኛው ዘመን

በኢትዮጵያ ከዚያ በኋላ የመጡት መከራዎችም በብዛት የተሰየሙት በጊዜ ነው። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ውስጥ ሲገባ «የኅዳር በሽታ» ተባለ፤ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ የዚያ መታሰቢያ ነው። የ1977 ዓ.ም. ረሀብ «ሰባ ሰባት» ብቻ ተብሎ ይጠራል፤ ቁጥሩን የሰማ ሰው ስለ ምን እንደሚወራ ይገባዋል። «ክፉ ቀን» ግን ወርም ዓመትም የለውም። ከእርሱ በፊት የነበረውን ረሀብ ሁሉ በአንድ ጊዜ ያስረሳ ይመስል ስሙን ለብቻው ወስዶታል።

እ.ኤ.አ. በ1984 የቢቢሲ ዘጋቢ ማይክል ቡርክ ከኮረም ባስተላለፈው ዘገባ ያየውን ለመግለጽ የመጽሐፍ ቅዱስን ዘመን ረሀብ ነበር የጠቀሰው። እ.ኤ.አ. በ1991 አፍሪካ ዎች የተባለው የሰብዓዊ መብት ድርጅት ስለ ኢትዮጵያ የ30 ዓመት ጦርነትና ረሀብ ባወጣው ሪፖርት ርዕስ ላይ ደግሞ «ኢቭል ዴይስ» የሚለው ሐረግ ይገኛል። ሪፖርቱ የ1977ቱ ረሀብ በድርቅ ብቻ ሳይሆን በጦርነቱ ስልት እንደከፋ ይከራከራል፤ የገበያ መደብደብንና የእህል እንቅስቃሴ መገደብን ይዘረዝራል።

የከብት ደስታ በሽታ በኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በላይ እየተመላለሰ ቆይቷል። በእንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ዋልተር ፕላውራይት በተሠራው ክትባትና፣ ኋላም ሙቀት በሚቋቋመው ዓይነቱ፣ በአፋር ባሉ አርብቶ አደሮች ዘንድ ሳይቀር ተከትቦ ጠፋ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ሰኔ 21 ቀን 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሰኔ 28 ቀን 2011) በሽታው ከዓለም መጥፋቱን አውጇል። ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው። ዛሬ በኢትዮጵያ ገበሬው ደስታ ሲል የሚሰማው ብዙውን ጊዜ የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ የሚባለውን ነው። ይህኛው ሌላ ቫይረስ ሲሆን አሁንም ክትባት ይሰጥበታል።